ከአጥሩ ሥር ያላዳመጥኩት ድምፅ

ከእናቴ ሣጥን ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ያገኘሁት ዕቃ አውራ ጣት ያህላል። የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅል ነው፤ በላዩ ስስ የብረት ምላስ አለው፣ ከምላሱ ጫፍ ደግሞ የብር ነጥቦች። የዛሬ ልጆች ሪሌ ይሉታል። ጋሼ ንጋቱ ከፈረንጅ አስተማሪው እንደሰማው «ረሌ» ነበር የሚለው። ባትሪ ሲነካው ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና ምላሱን ይስባል፤ ምላሱም አንዱን ሽቦ ለቆ ሌላውን ይይዛል። ሲይዝ ቀጭ ይላል። የእኔ ጣጣ ያለው እዚያች ቀጭ ላይ ነው።

ጋሼ ንጋቱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ጣልያን ከመግባቱ በፊት የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ይሠራ ነበር፤ ከገባ በኋላ ግን ኮልፌ እኛ ቤት መጥቶ፣ አናጢ ነኝ እያለ ተቀመጠ። ጓዳ ውስጥ፣ ከጎታው ጀርባ፣ በገዛ እጁ የገጣጠማት ራዲዮ ነበረችው። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ወሬ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ የሰማውን ለእናቴ ይነግራል፣ እሷ ደግሞ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ለምታምናቸው ለሁለት ጎረቤቶቿ።

አንቴናው ሁለት ነበር። አንዱ ልብስ የምናሰጣበት ሽቦ ነው፣ ሁለተኛው በባሕር ዛፎቹ መሐል የተዘረጋ። እንደ ሰዓቱ አንዱ ሲሰማ ሌላው ዝም ይላል። ለማቀያየር ጋሼ ደጅ ወጥቶ፣ ከሣር ክዳኑ ጫፍ ሥር ሽቦ መፍታትና ማሰር ነበረበት። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ጣልያኖች የካሚዮን ጋራዥ ከፍተዋል፣ ዘበኛቸውም ቀኑን ሙሉ አጥራችንን ተደግፎ ይውላል። በቀን ሦስቴ ክዳን ሥር የሚጎረጉር አናጢ ማንን አያስጠረጥርም? ረሌ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ እሱ ክዳኑ ውስጥ ይቀበራል፣ ጋሼ ጓዳ ተቀምጦ ባትሪውን ይነካል።

ከተበተነ የስልክ ማዞሪያ የተነቀሉ ሦስት ረሌዎች ከውራጅ ነጋዴ ገዝቶ አመጣ። ሰፌድ ላይ ደርድሮ ለቀናት አገላበጣቸው። ትልቁ አያያዙ ጥብቅ ነው፣ ድምፁ ግን ጥርስ ላይ እንደሚሰበር ሽምብራ። ትንሹ ጨርሶ አይሰማም፤ ምላሱ ልል በመሆኑ ግን የሩቁን ድምፅ እየቆራረጠ ያጠፋዋል። ሦስተኛው መካከለኛ ነበር። «ከአጥሩ ካልተሰማ፣ ይኸኛው ነው» አለ።

የእሱን ግራ ጆሮ ቦምብ ወስዶበታል። እናቴ አጥር ሥር ብትቆም ዘበኛው ምን ፈለገች ይላል። ልጅ ግን እዚያው ሲጫወት ነው የሚውለው። ጋሼ ረሌውን ዐሥር ጊዜ በባትሪ ሊነካው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ላዳምጥ ተስማማን። «ዛሬ ጆሮ ብቻ ነሽ፣ ዓለሚቱ» ብሎ ላከኝ።

አጥሩ ሥር ሸምሲያ፣ የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ፣ ጠጠር ለቅማ ትጠብቀኛለች። ቅልልቦሽ ሦስት ቀን በተከታታይ አሸንፋኛለች። «ዛሬም ልትሸሺ ነው? እጅሽን ቅቤ ቀብተሽው ነው የምትመጪው?» አለችኝ። ተቀመጥኩ። የተቃጠለ ዘይትና የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። የአምስቱ ጠጠር ክብደት ዛሬም መዳፌ ላይ አለ፤ አምስቱንም ወደ ላይ ወርውሬ በእጄ ጀርባ ስይዛቸው፣ የሸምሲያ አፍ ሲከፈት አስታውሳለሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ግን አላስታውስም። አለመሰማቱንም አላስታውስም።

ስገባ ጋሼ ላብ ላብ ብሎት ነበር። «እህ?» አለኝ።

«አልተሰማም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

ግንባሬን ሳመኝ፤ ረሌውን ክዳኑ ውስጥ ቀበረው።

አንድ ክረምት አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለት ወታደሮችና አስተርጓሚያቸው መጡ። መጀመሪያ ቤቱን አልፈተሹም። በቀጥታ ወደ ክዳኑ ጫፍ ሄደው ሣሩን በሳንጃ ገለበጡት፤ ሽቦውን እየተከተሉ ከጎታው ጀርባ ደረሱ። ጋሼን ሲያወጡት ወደ እኔ ዞር አለና «ዓለሚቱ፣ ልብሱን አንሺ፤ ሊዘንብ ነው» አለኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሲመቱት እንዳላይ ነው። ልብሱን አንድ በአንድ ሳነሳ ወሰዱት። ካርቸሌ ገባ አሉን፣ ቀጥሎ በመርከብ ወሰዱት አሉን። ጣልያን ሲወጣ ብዙ ሰው ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም።

ረሌውን እናቴ ከወደቀው ሣር መሐል ለቅማ ሸሸገችው። ለእሷ የከዱን ወሬውን የምትነግራቸው እነዚያ ሁለት ጎረቤቶቿ ነበሩ። እስክትሞት ሰላምታቸውን አልመለሰችም፤ አንደኛዋ ስትሞት ለቅሶ እንኳ አልደረሰችም። እኔ «አላዳመጥኩም» የምትል አንድ ቃል ተናግሬ ቢያንስ ጥርጣሬውን ልካፈላቸው እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ትልቅ ልጅ ሆኜ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ከወገቤ በታች ከሚሆኑ ልጆች ጋር። አስተማሪው «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ ባንድ አፍ «አዎ» ይላል፤ እኔ ብቻ እጄን አውጥቼ አልገባኝም እላለሁ። ይስቁብኝ ነበር። እስካሁንም ያላየሁትን አየሁ፣ ያልሰማሁትን ሰማሁ የሚል ሰው ያመኛል። ማታ ማታ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ይላል፤ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜን ልጅ ባትሪ አስመጥቼ፣ ረሌው አሁንም እንደሚሠራ አየሁ። እሷን የድሮው ጓዳ በነበረበት አቁሜ፣ ዐሥር ጊዜ ንኪው አልኳት። እኔ አጥሩ በነበረበት ተቀመጥኩ። ባሕር ዛፉ የለም፤ የብሎኬት ግንብ ነው፣ ከግንቡ ማዶ የታክሲ ረዳቶች «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» እያሉ ተሳፋሪ ይጣራሉ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ጆሮዬም አርጅቷል።

ልጅቷ መጣችና «እትዬ፣ ተሰማ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ያን ቀን ለጋሼ ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር። እንደገና ይነካው ነበር እኮ፤ ዐሥር ጊዜ ብቻ ነው።