በቀይ ቀለም የተጠሩት አጎቶች

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኬን ተቀብላ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። የብዕርና የቁም ጽሕፈት ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ነው። አንዱ ከሐዋሳ አዲስ የገዛትን ብዕር ፎቶ ይልካል፤ ሌላው ከደሴ የፊደል አጣጣል ይጠይቃል፤ አንዷ ቀለሙ ወረቀቱን እየዘለቀ እንዳስቸገራት ታማርራለች። በጎንደር ከተማ በእጅ ጽሕፈት የሚስተካከለኝ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ፣ ይህን የመሰለ ጉባኤ ያለ እኔ እስከ ዛሬ እንዴት እንደቆየ ነው የገረመኝ።

የቡድኑ ደንብ አዲስ ገቢ በገዛ እጁ ጽፎ ሰላምታ እንዲያቀርብ ያዛል። እኔም ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ የአስተባባሪውን ስም በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ጻፍሁና ቤዛ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አድናቆቱ ወዲያው ይጎርፍ ጀመር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በመሐል ግን አንዲት ልጅ «አባባ፣ ምነው የሰው ስም በቀይ ጻፉ? ያስፈራል እኮ!» አለች። ስልኩን አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ተጠይቄዋለሁ። ያን ጊዜ የጠየቁኝ ሰው ግን በእጃቸው ዱላ ይዘው ነበር።

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ከኮላ ድባ አጠገብ ካለች መንደር መጥቼ፣ ጎንደር ውስጥ እህል በሚነግዱት በአያ ምናሉ መጋዘን እሠራ ነበር። ሥራዬ በየጆንያው ላይ የባለቤቱን ስም በብሩሽ መጻፍ ነው። እጄን ይዞ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፊደል የለየሁት ከሱቅ ማስታወቂያና ከማኪና ላይ ጽሑፍ ነው። እንዲያም ሆኖ ጆንያዎቼ ከገበያው ዳር ሆነው ይነበቡ ነበር። አንዳንድ ገበሬ እህሉን ሸጦ ስሙ ያለበትን ጆንያ አልሰጥም ይል ነበር ብላችሁ ያጋነንሁ ይመስላችኋል፤ ግን እውነት ነው።

ጥር ገባ። የጎንደር ጥር ጠዋት ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ካፖርት ያስወልቃል። ከደንቢያ በአህያ የሚመጣው የሽምብራ እሸት በየመንገዱ በእስር በእስር ይሸጣል፤ ከተማው ሁሉ እየፈለፈለ ይሄዳል፣ ቅርፊቱ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። የዚያን ዓመት የአያ ምናሉ ልጅ ጥሩወርቅ ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ነው። ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጭንቀት ነበረበት። አይከል የሚኖሩት የእናቷ ወንድሞች ከአያ ምናሉ ጋር ተኳርፈዋል። ነገሩ የመጣው በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ታላቁን ወንድም አያ ተገኘን ከበሩ አጠገብ ስላስቀመጧቸው ነው። ሰውየው እንጀራውን ሳይቆርሱ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ወንድማማቾች የእኅታቸውን ደጅ አልረገጡም።

«አጎቶቼ ካልመረቁኝ ሠርጉ ለእኔ ግማሽ ነው» ትል ነበር ጥሩወርቅ።

ስለዚህ እርቁ በክብር እንዲሆን የጥሪ ካርድ ይላክላቸው ተባለ። ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ወፍራም ካርድ ተገዛ። ማን ይጻፈው ሲባል ከማንም ቀድሜ «እኔ!» አልሁ።

«አደራህን፣ ስሜን እንደ ጤፍ ጆንያ እንዳታደርገው» አለች ጥሩወርቅ።

«እስኪ ጆንያዬን የነቀፈ ሰው ጥሪ!»

አያ ምናሉ ለጌጥ ከደረት ኪሳቸው የማይለዩዋትን ቀለም የምትጠጣ ብዕር አውጥተው ሰጡኝ። «የቃና ዘገሊላ ማግስት ጠዋት ማኪና ወደ አይከል ይሄዳል። ካርዶቹ በዚያ ካልሄዱ የዘገየ ጥሪ ከስድብ አይለይም። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። የከተማውን እንግዶች ካርድ ጽፌ፣ የአይከሎቹን እጄ ከሞቀ በኋላ እንዲያምሩልኝ ብዬ ለመጨረሻ አቆየኋቸው። ፊደሌ የጆንያ ልማድ ስላለው ወፈር ወፈር ይል ነበርና፣ እነሱ ጋ ስደርስ የቀለሙ ብልቃጥ ባዶ ሆነ። ልግዛ ብዬ ብወጣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ነዋ! ከተማው እንዳለ ታቦት ሊሸኝ ወርዷል። ነገ ጠዋት ደግሞ ማኪናው ይሄዳል።

በወለቃ መንገድ ወደሚኖሩት ወደ ብራና ጸሐፊው ወደ መሪጌታ ላቀው ሮጥሁ። ታቦት ሸኝተው መመለሳቸው ነበር፤ ጠበል የተረጨው ነጠላቸው ገና አልደረቀም።

«የእኔ ቀለም ጥላሸትና የተቆላ እህል ተበጥብጦ ወራት የከረመ ነው» አሉ የቀለሙን ቀንድ ከፍ አድርገው። «ስንት ዘመን ቢያልፍ አይለቅም።»

«የእኔ ብዕር ደግሞ የሰጧትን ትጠጣለች» አልሁ ከእሳቸው ኩራት ላለማነስ።

ሁለታችንም የተናገርነው ልክ ነበር። ብዕሯ ጠጣች። አንድ ፊደል አሳምራ ጻፈች፤ ከዚያ ድርቅ አለች። ባራግፋት፣ ብነፋት፣ በጣቴ ብኰረኩማት ጠብ የሚል የለም።

«ዋጠችና ዝም አለች!» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው እያዩዋት። «እንዲህ ያለ ንፉግ ብዕር ገጥሞኝ አያውቅም። ተዋት፣ ና ተቀመጥ።»

መቃ ቆርጠው ጫፉን በቢላ አሾሉና በስሱ ሰነጠቁልኝ። ብራና ጸሐፊ የሚጽፈው በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በጉልበቱ ላይ ነው፤ እኔንም ምድር ላይ አስቀምጠው ጉልበቴን አስተካከሉ። መጀመሪያ እግሬ ደነዘዘ፤ ከዚያ እጄ ተፈታ። መቃ ሲወርድ ይወፍራል፣ ሲዞር ይቀጥናል፤ ለጆንያ ብሩሽ የቅርብ ዘመድ ነው። መሪጌታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዩኝ ነበር። ይህንም በአድናቆት ቆጠርሁት፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የአያ ተገኘን ስም ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ። ይህ የምትጠራው ሰው ክቡር ነው ወይስ እንዲሁ ነው?»

«እንዲከበርማ ነው የተፈለገው።»

«እንግዲያ በእኛ ቤት የከበረ ስም በቀይ ነው የሚጻፍ።» ትንሿን የቀይ ቀለም ቀንድ አቀረቡልኝ። የሦስቱንም አጎቶች ስም በቀይ ጻፍሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ ያለ ሸጋ ጽሕፈት እስከ ዛሬ አላየሁም።

በነጋታው ካርዶቹን ለሾፌሩ ሰጥቼ፣ ለሙከራ የጻፍሁትን አንዱን ለአያ ምናሉ በኩራት አሳየኋቸው። እሳቸው የንግድ ሰው ናቸው እንጂ የቤተ ክህነት ጽሕፈት አያውቁም። ፊታቸው ተለወጠ፤ ዱላቸውን አነሡ።

«ምነው! ምነው የሰው ስም በቀይ? ከተኳረፍሁት ሰው ጋር ደም አለብን ልትለኝ ነው? ማኪናውን አስመልስ!»

«አዘዞን አልፏል፣ አያ።»

«ብዕሬስ?»

«ትንሽ ... አሟታል።»

ጥሩወርቅ ስትሰማ አለቀሰች። «አጎቶቼ ከቀሩ እስክሞት አላነጋግርህም» አለችኝ። «ይመጣሉ፤ የእኔን ጽሕፈት አይቶ የሚቀር ሰው የለም» አልኋት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እስከ ሠርጉ ቀን የማኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ደጅ እወጣ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ፣ ወጡ እየሸተተ፣ ከበሮው እየተመታ ረፈደ። ከአይከል ማንም የለም። ሙሽራዋ ዓይኗን ከዳሱ በር አልነቀለችም። ምሳ ሊቀርብ ሲል የማኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሦስቱ አጎቶች ከነሚስቶቻቸውና ከነጎረቤቶቻቸው እየዘፈኑ ወረዱ። አያ ተገኘ ካርዱን በእጃቸው ወደ ላይ ይዘዋል።

«ይችን የጻፈ የት አለ?» አሉ።

እኔ ከጠላው ጋን ጀርባ ነበርሁ። የተደበቅሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጠላው ጠልሎ እንደሆነ እያየሁ ነበር።

«ካርዱ ሲደርሰን ወንድሜ ቀዩን አይቶ ዱላ አነሣ» አሉ አያ ተገኘ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ወደ ደብራችን ቄስ ወሰድሁት። አባ ገና ሲያዩት ብድግ አሉ። ‹በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም ነው፤ ምን በጎ ሠራህላቸው?› አሉኝ። ትናንት ከበር አጠገብ ያስቀመጠኝ ሰው ዛሬ በቀይ ሲጽፈኝ እንዴት ልቅር? ማነው እንዲህ አድርጎ ያዘዘው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አያ ምናሉ ከእኔ ቀድመው። «ከቀይ በታች እንዳትጽፍ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ!»

ከካህናቱ መሐል መሪጌታ ላቀው ሳል ያዛቸው። ራስን በማሞገስ የሚበልጠኝ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጎቶቹ ከዳሱ ራስጌ ተቀመጡ፤ አያ ተገኘ እንጀራውን የመጀመሪያ ሆነው ቆረሱ፤ ጥሩወርቅም ጉልበታቸውን ስማ ተመረቀች። ብዕሯንም በኋላ ለብ ባለ ውኃ ስነክር ሰንብቼ አዳንኋት።

ይህን ሁሉ በእጄ ጽፌ ለቡድኑ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብሁ። አጎቶቹን ያመጣቸው ቀለሙ ብቻ አይመስለኝም። ለዓመታት ስሙን ማንም ያልጠራው ሰው፣ አንድ ሌላ ሰው እግሩ እስኪደነዝዝ ስሙ ላይ ማጎንበሱን ከፊደሉ ያውቀዋል። በስልክ የሚላክ ጥሪ ፈጣን ነው፤ ማጎንበሱ ግን አይታይበትም።

በዚህ ሰሞን ሁለት የቡድናችን አባላት የማን ብዕር ይሻላል ተባብለው ተናንቀው ሁለቱም ጥለው ወጡ። አስተባባሪው ለመናቸው፤ አልሰሙትም። እኔ ምድር ላይ ተቀምጬ፣ ይህን ያረጀ ጉልበቴን አጥፌ፣ የሁለቱንም ስም በመቃ ጻፍሁና ፎቶውን ለየስልካቸው ላክሁ። አንዱ ትናንት ተመለሰ። ሌላው መልእክቱን ገና አልከፈተውም።

ይክፈተው ብቻ።