በሁለት ግድግዳ የተከፈለ መስኮት

ቅዳሜ ጠዋት

ከላምበረት የተነሳሁት የአጎቴን የጋሽ ጌታሁንን ሥዕሎች ለማየት ነው። አጎቴ አምና አረፉ። ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት ሁሉ አሁን ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ግን "ሞቼ ነው የማየው!" ብለዋል መባሉ ከንክኖኛል።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሳለ ጫጫ ላይ ሰው ለመጨመር ቆመ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ!" አለ ረዳቱ።

"ወዴት? በመስኮት ልውጣልህ?" አልኩት። ሳቁልኝ እንጂ ማንም ወገን አልሆነኝም።

ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችኝ። በትኩስ ፍርፍር ነፍስ ዘርቼ አዳራሹ ደረስኩ። የአጎቴ ልጅ ትዕግሥት በር ላይ ቆማለች።

"ከየቱ ልጀምር?"

"ከፈለግከው። አባዬ ዓመተ ምሕረት አይጽፍባቸውም ነበር። እኔም ግድግዳው እንደቻለ ሰቀልኳቸው።"

እውነትም ዝብርቅርቁ ወጥቷል። አብዛኞቹ እትዬ አስካለ ናቸው። መጀመሪያ ሽበታም ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ገብስ ታበጥራለች። ቀጥሎ ሹሩባ የተሠራች ኮረዳ ፊት ለፊት እያየች ትስቃለች። ከዚያ እንደገና ጀርባ፣ አሁንም ጀርባ። ይህችን ሳቂታ ልጅ ምን ነካት?

አንዱ ግድግዳ ላይ ወጣቷ አስካለ በጎን ተሥላ ወደ ግራ ታያለች፤ ከፊቷ ግማሽ መስኮት አለ። ማዶ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል አጎቴ ራሳቸውን ሥለዋል። እሳቸውም በጎን ናቸው፣ ወደ ቀኝ ያያሉ፣ ከፊታቸውም ግማሽ መስኮት። ሁለቱንም በስልኬ አነሳኋቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ አንኮበር

ጎረቤላ ስደርስ ጉሙ ገደሉን ውጦታል። እትዬ አስካለ ስመውኝ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

"ምነው ኤግዚቢሽኑን አላይም አሉ?"

"ሰው ፊት ልዋረድ? አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው? ሰይጣንና ክፉ ሰው! እሱ ይህን አጥቶት ነው እኔን እንደዚያ የሣለኝ? ከዚያ ወዲህ ፊቴን ሰጥቼው አላውቅም። ሥዕል ቤቱንም አልረገጥኩ።"

"አልጠየቋቸውም?"

"'ሰይጣን ነኝ ወይ?' ብላ ባሏን የምትጠይቅ አለች? እሱም አንድ ቀን 'ምን በደልኩሽ?' ብሎኝ አያውቅም።"

ስልኬን አውጥቼ የአጎቴን ሥዕል አሳየኋቸው።

"ራሱንም በአንድ ዓይን?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረግኩላቸው። ግማሾቹ ገጥመው አንድ መስኮት ሆኑ፤ ባልና ሚስቱ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይተያያሉ።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። "ወይኔ አስካለ! እኔን ነበር እንዴ የሚያየው?"

"ነገ አብረን ሄደን ይዩዋቸው።"

"አሁንማ ማን ያየኛል፣ ልጄ?" አሉና አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እሑድ

ብቻዬን ደብረ ብርሃን ተመልሼ ከትዕግሥት ጋር ሁለቱን ሥዕሎች አጠገብ ለአጠገብ ሰቀልናቸው። የቀሩትን እንዳሉ ተውናቸው።

አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ቤቴ ገባሁ። አኩርፎ ከመኖር መጠየቅ እንደሚሻል ለማን ይጠፋዋል? እኔም የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ አንኮበር ሄጄ ነው የገባኝ። እትዬ አስካለ ቢዘገይም መልሳቸውን አገኙ። አጎቴ ግን አንድ ቀን እንኳ "ምን በደልኩሽ?" ሳይሉ፣ ሚስታቸው ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩባቸው ሳያውቁ ሞቱ።