ጉድጓዱ የሰፋበት ቦታ

ደግነትን እናቱ ዘነቡ ያሳደገችው ከዲላ ወዲያ ባለችው ጨለለቅቱ ከተማ ቡና ማጠቢያ እየሠራች ነው። ቀይ ቡናው ገንዳ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈውን ለቅማ ታወጣለች፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ነውና። ልጇ ጂኦሎጂ ተምሮ አዲስ አበባ አንድ የጥናት ድርጅት ሲቀጠር፣ ስለ ድንጋይ ምንም ባታውቅም እልል አለች።

ሥራው ሼል በሚባል ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ መገመት ነበር። በገመድ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ መሣሪያ የድንጋዩን ክብደት በየሜትሩ ይመዘግባል። ድንጋዩ ቀለል ባለበት ጋዝ ሊኖር ይችላል፤ ሒሳቡም ከዚያ ይጀምራል። በ2003 ዓ.ም. ደግነት የአንድ ጉድጓድ መረጃ ሲሠራ ድንጋዩን አንድ ቦታ ላይ በጣም ቀልሎ አገኘውና ደስታው ወሰን አጣ።

መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው የዲላዋ የነጋዴ ልጅ የትምወርቅ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሽ ደግነት፣ እዚህ ጋ እኮ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ሰፍቷል። መሣሪያው የለካው ድንጋዩን ሳይሆን ጉድጓዱን የሞላውን የቁፋሮ ጭቃ እንዳይሆን፤ ጭቃ ደግሞ ከድንጋይ ይቀላል።»

«አንቺ ቁጥሩን አስገቢ፤ ሒሳቡን ለእኔ ተዪው» አላት። መማር አንዳንዴ እንዲህ ያደነቁራል።

ሪፖርቱ ሲገመገም ያ ሁሉ ጋዝ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ደግነት በስምንት ሰው ፊት ለምን እንደተሳሳተ ተጠየቀ። «የትምወርቅ የጉድጓዱን ስፋት አልሰጠችኝም» አለ። ከአፉ አመለጠው እንበል፤ ግን አልመለሰውም። እዚያው የነበረችው የትምወርቅ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ በወሩ መጨረሻም ከሥራ ተሰናበተች።

በዓመቱ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ። ገንዳው ዳር ሆና ስለ ሥራው ስትጠይቀው የጉድጓዱን ነገር፣ ውሸቱን ዘሎ፣ አጫወታት። ዘነቡ ሳቀች።

«ቀላሉን ሙሉ ነው አልክ? የእኔ ልጅ? የሚነግርህ ሰው አልነበረም?»

«ነበረች» አለ። ከዚያ ወዲያ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በማግስቱ ዲላ፣ የትምወርቅ አባት አቶ ገብረኪዳን ሱቅ ገባ። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። የትምወርቅ ሁለት ኪሎ ስኳር መዝና ልትሰጥ ስትል አባቷ ተቀብለው እንደገና መዘኑት። «ተሳስታ ነው የተባረረችው» የሚለው ወሬ ዲላ የገባው ከእሷ ቀድሞ ነበር። እሷም እንደለመደችው ቆማ ጠበቀች። ደግነት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ውጭ ላናግርሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እርስዎ የወነጀሉኝ በስምንት ሰው ፊት ነው» አለች። «ይቅርታው በጓሮ ነው?»

ስልኩን አወጣ። ወደ አለቃው ደወለና ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«የትምወርቅ ጉድጓዱ እንደሰፋ ነግራኝ ነበር። ንቄ ተውኩት። ኋላም ዋሸሁባት። በጽሑፍም እልካለሁ።»

አለቃው «ሰኞ ቢሮዬ ና» ብሎ ዘጋ።

የትምወርቅ ለቀጣዩ ሰው አንድ ኪሎ ስኳር መዘነች። አቶ ገብረኪዳን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ሰበሰቡት።

«ስጪው፣ ልጄ» አሏት።