የጋሽ ጉተማ ሰባት ቅዳሜዎች

ጋሽ ጉተማ ካርቶን ያቀፈ ልጅ ወደ ሱቃቸው ሲመጣ ካዩ ልባቸው ድንግጥ ይላል። ቡሄ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ናፍቆት የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የብስኩት ካርቶን ደረቷ ላይ ይዛ የለቡን ጭቃ እየዘለለች ስትመጣ አዩና፣ «እሷም ሰለቻት ማለት ነው» አሉ በሆዳቸው።

እንዲህ በማሰባቸው አይፈረድባቸውም። ለቡ ውስጥ ድርቆሽና ፉርሽካ መሸጥ ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አባታቸው በሬ ጠምደው ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ለእሳቸው የቀረቻቸው ሱቋና ከኋላዋ ያለችው ጓሮ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሄዱ በሩ ሥር ካርቶን ተቀምጦ አገኙ። ውስጡ ሁለት ጥንቸሎች ተጣብቀው ይንቀጠቀጣሉ። ለልጁ ልደት የገዛ ሰው፣ ልጁ ሲሰለቸው፣ «ሰውዬው ድርቆሽ ሻጭ አይደል? ያበላቸዋል» ብሎ መሆን አለበት። በዚያው ዓመት ሦስት ካርቶን ተጨመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እሳቸው ግን በጓሯቸው ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት ቤት ሠሩላቸው። የአባታቸውን በሬዎች ስም እየመረጡም ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ወይቦ እያሉ ስም አወጡላቸው። ወንዶቹን ከሴቶቹ ለዩ፤ «ካልለየናቸው እስከ ጥምቀት ለቡን ይሞሏታል» ይላሉ። የሰፈሩ ልጆች «አንድ ይስጡን» እያሉ ሲያስቸግሯቸው ደግሞ ደንብ አወጡ። ጥንቸል የፈለገ ልጅ ሰባት ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ ቤታቸውን ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀይራል፣ ድርቆሽ ያቀርባል። አንድ ቅዳሜ የቀረ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጥንቸል በጆሮዋ አንጠልጥሎ ያነሳም፣ በሳሙና ያጠበም እንዲሁ። በሰባተኛው ቅዳሜ እናት ወይም አባት መጥተው «ልጁ ቢሰለቸው እኔ አለሁ» ካላሉ ጥንቸሏ ከጓሮው አትወጣም።

«ጋሼ፣ ለመንጃ ፈቃድ እንኳ እንዲህ አያስለፉም» ትላቸዋለች፣ ከልጆቹ ሁሉ አፏ የማያርፈው ሐሚዳ።

«መኪና አይርበውማ።»

ናፍቆትም ሰባቱን ቅዳሜ ሞልታ ዳልቻን የወሰደችው በዚሁ ደንብ ነው። ከዚህ ደንብ ወዲህ በራቸው ሥር ካርቶን ተጥሎ አያውቅም። የናፍቆት ካርቶን ያስደነገጣቸው ለዚህ ነበር።

«ሰለቸችሽ?»

«ኧረ ጋሼ!» ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ዳልቻ ከትናንት ጀምሮ አትበላም። በጠጥም አልጣለችም።»

ጋሽ ጉተማ በልባቸው አመሰገኗት። ጠዋት ጠዋት በጠጡን እዩ፣ በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል ታማለች፣ ለነገ አትበሉ እያሉ ያስተማሩትን አልረሳችም። አንድ እጃቸውን ከዳልቻ ደረት፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርገው አነሷትና ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ለጠፉ። አባታቸው የበሬ ሆድ ሲነፋ እንዲህ ነበር የሚያዳምጡት። ጤነኛ ሆድ ያጉረመርማል፤ የዳልቻ ግን ጭጭ ብሏል።

«ምን አበላሻት?»

«ድርቆሽ… ከዚያ ሙልሙል። ሦስት። ለቡሄ የተሰጠኝን በሙሉ። እኔ አልቀመስኩትም።»

«ማነው ሙልሙል ስጪያት ያለሽ?» ድምፃቸው ሳያስቡት ከረረ።

«እርስዎ።»

ጋሽ ጉተማ በድርቆሹ እስር ላይ ቁጭ አሉ። ያለፈው ቅዳሜ ትዝ አላቸው። ለልጆቹ ጨዋታ አምጥተው፣ «አባቴ በበዓል ቀን እኛ ሳንቀምስ በሬዎቹን ዳቦ በእጁ ያጎርሳቸው ነበር። እንስሳህን ያላጎረስክበት በዓል በዓል አይደለም» ብለዋቸው ነበር። የአባታቸውን ደግነት ለማውራት ያህል ነው እንጂ፣ የበሬና የጥንቸል ሆድ አንድ ነው ማለታቸው አልነበረም። ቢሆንም አንድ አይደለም ብለው አልነገሯቸውም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተነሽ» አሉ። ለእናቷ ለቤተልሄም ደውለው አስፈቀዱ፣ ሱቁን ቆለፉ፣ የጎፋ ታክሲ ተሳፈሩ።

«ዶሮ ነው ጋሼ?» አለ ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ።

«ጥንቸል ናት።»

«ወንበር ከያዘች ትከፍላለች!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ናፍቆት ግን እስከ ጎፋ ድረስ እጇን ከካርቶኑ አላነሳችም።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የዳልቻን ሆድ ዳሰሰች፣ በመሣሪያ አዳመጠች፣ ፊቷ ጠቆረ። «ዳቦ ነው የጎዳት። የጥንቸል ሆድ ያለ ድርቆሽ አይንቀሳቀስም። ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር። ማነው ይህን ሁሉ ያበላት?»

ናፍቆት አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ጉተማ።

ሐኪሟ ሽበታቸውን አየች። «በዚህ ዕድሜዎ?»

«አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ።»

ዳልቻ መርፌ ተወጋች። መድኃኒትም ተሰጣቸው፤ ሙቀት እንዳይለያት፣ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ በጠጥ ካልጣለች እንዲመልሷት ተነገራቸው።

በማግስቱ ጋሽ ጉተማ ሱቃቸውን ከወትሮው ቀድመው ከፍተው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ናፍቆት ጭብጧን እንደጨበጠች እየሮጠች መጣችና ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። አራት ደረቅ በጠጦች።

«ጋሼ፣ ጣለች! ድርቆሹንም ጀመረችው!»

ጋሽ ጉተማ ብዙ ስጦታ ተቀብለው ያውቃሉ፤ እንደዚህኛው ያስደሰታቸው ግን ትዝ አይላቸውም። ከዚያ እጇን በሳሙና አስታጠቧት።

ነገሩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ከናፍቆት በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ቢያስምሏት እንኳ አትናገርባቸውም። ቅዳሜ ግን ልጆቹ ሲሰበሰቡ ጋሽ ጉተማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ባለፈው ስለ ዳቦ የነገርኳችሁ ለበሬ ነው። ለጥንቸል መርዝ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ዳልቻን ልገድላት ነበር» አሉ፤ ጎፋ ድረስ ሄደው የሆነውንም ሳይደብቁ ተረኩላቸው።

ቀድማ የተናገረችው እንደተለመደው ሐሚዳ ናት።

«እና ጋሼ፣ ደንብ ደንብ ነው። ከአንድ ይጀምሩ!»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ጉተማ ግን አልሳቁም። መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብለው ጎንበስ አሉ። ያን ቅዳሜ ጠረጉ፣ ቀጣዩንም ጠረጉ፣ በክረምት ዝናብ አንድም ሳይቀሩ ሰባቱን ሞሉ። በሰባተኛው ቀን ሐሚዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ዋስ ማን አለዎት?» ስትላቸው፣ ናፍቆት ዳልቻን አቅፋ ከልጆቹ መሃል ወጣች።

«ጋሼ ቢሰለቻቸው፣ እኔ አለሁ» አለች።