በበቆሎ የተመዘገቡ ወፎች

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ተመድቦ ባዮሎጂ ያስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ እንቆጥር ነበር። «እንቆጥር ነበር» ያልኩት ለአፍ ስለሚቀል ነው እንጂ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ መቁጠር ተከልክለን ነበር። የከለከሉን ደግሞ ግቢ የምንጋራቸው ሽማግሌ፣ አባ ኢብሮ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከአዲስ አበባ በመጣ ደብዳቤ ነው። የአባቴ የቀድሞ መምህር፣ በፈረንጅ አገር ብርድ ሲገባ ወደ እኛ የሚሰደዱትን ወፎች በየከተማው የሚመዘግቡ ፈቃደኞች ይፈልጉ ነበር። ክፍያ የለውም፤ የሚላከው በመስመር የተከፋፈለ ወረቀትና ምስጋና ብቻ ነው። መቻራ የሚያስተምር አንድ ጓደኛውና በደሳ ያለ አንድ የጤና ረዳት እሺ አሉ። የጭሮን አባቴ ያዘ። ችግሩ አባቴ መነጽሩን አድርጎም እንኳ ከሃምሳ እርምጃ ወዲያ ሽመላን ከማዳበሪያ ጆንያ የማይለይ ሰው መሆኑ ነበር። አባ ኢብሮ ግን ዕድሜያቸው ገፍቶም ዓይናቸው የጭልፊት ነበር፤ የሩቁን ወፍ በአበራረሩ ብቻ ያውቁታል። አባቴ ለመናቸው፤ እሳቸውም ሽርጣቸውን ታጥቀው ተከተሉን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከከተማው በታች ካለው ረግረግ ዳር ቆመን፣ ሽመላዎቹ በቀጭን እግራቸው ውኃው ውስጥ ሲራመዱ አባቴ እርሳሱን አዘጋጅቶ «ስንት ናቸው፣ አባ?» አላቸው።

«እንዲህ አይባልም፣ መምህር» አሉት። «ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም። የቀበሌ ሰዎች መጡና ወንድ ልጅ ስንት አለህ አሉኝ። እኔ ሞኙ ሁለት አልኩ። ጻፉት። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱንም ለውትድርና ወሰዱ። ወላሂ፣ ዳግመኛ ነፍስ ያለው አልቆጥርም።»

«አባ ኢብሮ» የተባሉት በታላቁ ልጃቸው በኢብሮ ስም ነበር። ሚስቱ በወሊድ ስለሞተች፣ እሱ ወደ ሰሜን ሲጋዝ የአምስት ዓመት ልጁ ዘሃራ ከአያቷ ጋር ቀረች። እኔና ዘሃራ እኩያሞች ነበርን፤ ወፍ በምንመዘግብበት ዓመት ሁለታችንም ዘጠኝ ሞልቶናል።

አባቴ ክርክር የሚወድ ሰው ቢሆንም የዚያን ዕለት አልተከራከረም። መላ የመቱት ራሳቸው አባ ኢብሮ ናቸው። ለበልግ ዘር ብለው ያስቀመጡትን በቆሎ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ሽመላ ባዩ ቁጥር አንድ ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ያዛውራሉ። ለቢጫዋ ጅራተ ነቅናቂ ወፍ ሌላ ኪስ፣ ለጭልፊት የሽርጣቸው እጥፋት። ማታ ፍሬው በየዓይነቱ የወፉ ስም በተለጠፈባቸው የወተት ዱቄት ጣሳዎች ውስጥ ይገባል። አባቴ ፍሬውን የሚቆጥረው ግን መጋቢት ላይ፣ ወፎቹ በሰላም አገራቸው ሲገቡ ብቻ ነው። ከተቆጠረ በኋላ ዘሩ ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ላይ ቃል ተገባቡ። ጣሳዎቹን የመጠበቅ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አባ ኢብሮ እጄን ይዘው «ይህ አማና ነው፤ አደራ ማለት ነው። ማንም አይነካውም፤ እኔም ብሆን» ሲሉኝ ቁመቴ አንድ ስንዝር የጨመረ መሰለኝ።

ያኔ ምሽቱ ሁሉ የተረት ነበር። አባ ኢብሮ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ የከሰል ምድጃው መሐል ይቀመጣል፤ ፋኖሱ ጭሱን በመስታወቱ ላይ ይጽፋል፤ እኔና ዘሃራ አንድ ጋቢ ለብሰን ጉልበታችንን አቅፈን እናዳምጣለን። ሲናገሩ አማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ፤ እኔ ያልገባኝን ዘሃራ በጆሮዬ ትነግረኛለች። የእሷ ትንፋሽ በጆሮዬ፣ የፍሙ ሙቀት በፊቴ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዚህ ዓለም መኖሩን አላውቅም ነበር።

ግን ዓመቱ ክፉ ነበር። ያለፈው በልግ ቀርቷል፣ ክረምቱም ደመናውን አሳይቶ ሄዷል። ገበያው ላይ እህል ጠፋ። እርዳታ ስንዴ ይመጣል ይባላል፤ የሚመጣው ወሬው ብቻ ነው። ሰዎች ከገጠር ልጆቻቸውን አዝለው ወርደው በየአጥሩ ጥግ ይቀመጡ ጀመር። አባቴ ደመወዙ እስካለ ድረስ የምንበላውን ለሁለቱ ቤት ያካፍል ነበር፤ እናቴ ለወሊድ ወደ ወላጆቿ ስለሄደች የምናበስለው አባቴና እኔ ነበርን፤ አበሳሰላችን የሚያስቅ ነበር፤ ግን ማንም አላማረረም።

የካቲት ላይ አባቴ የጓደኛውን ምዝገባ ለማምጣት ወደ መቻራ ሄደ። «በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ» አለ፤ ለሁለታችን ቤት ይበቃል ያለውን ዱቄት ሰፍሮ ትቶ፣ እኔን ለአባ ኢብሮ አደራ ሰጥቶ በቡና መኪና ተሳፈረ። ሦስተኛው ቀን አለፈ። መኪናው መንገድ ላይ ተሰብሮ እሱ በእግሩ ወደ በደሳ እያዘገመ መሆኑን እኛ በምን እናውቃለን? አምስተኛው ቀን ላይ ዱቄቱ አለቀ። አባ ኢብሮ ጎረቤት ለመለመን ወጥተው በባዶ እጃቸው ተመለሱ። ጎረቤቱስ ከየት ያምጣ? ዘሃራ ኩፍኝ ይዟት ገና መነሳቷ ነበር፤ አንገቷ ቀጥኖ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በዚያ ሰሞን ተረቱ በዛ። ያኔ የተረት ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ሽማግሌው የሚሰጡን ሌላ ነገር አልነበራቸውም። በስድስተኛው ምሽት የቁራን ተረት ነገሩን። ድሮ ድሮ ቁራ ነጭ ነበር፤ ድምፁም ከወፍ ሁሉ ያምር ነበር። ወፎች ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ዘራቸውን ለእሱ በአማና ሰጡት። ድርቅ ገባ። ቁራ አንድ ፍሬ በላ፣ ደገመ፣ ጨረሰው። ወፎቹ ተመልሰው ዘራችንስ ቢሉት ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የወጣው «ቃ!» ብቻ ሆነ። ላባውም ከእፍረት የተነሳ ከሰል መሰለ። «አማና በላ፣ እዩት፣ እስከ ዛሬ ብቻውን ይጮኻል» አሉ። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር። እኔ ጣሳዎቹ ያሉበትን መደርደሪያ ቀና ብዬ አየሁና ኮራሁ። እኔም እርቦኝ ነበር፤ ግን አልነካሁም።

በማግስቱ ጠዋት ዘሃራ ብቻዋን መጣች። ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው።

«አንድ እፍኝ ብቻ ስጪኝ» አለችኝ። «ከሽመላው ጣሳ። እሱ ሙሉ ነው።»

«አይሆንም። አማና ነው።»

«ለአካኮ አልነግርም» አለች። አያቷን እንዲህ ነበር የምትጠራቸው። «አቦ፣ ግማሽ እፍኝ። በውኃ እቀቅለዋለሁ።»

«ቁራው የሆነውን አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ደጃፉ ላይ ትንሽ ተቀመጠች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ሄደች። እኔ በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያዘንኩላት ከሄደች በኋላ ነው፤ ሳለች የተሰማኝ ድል ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቅማጥ ያዛት። ሌሊቱን አላሳለፈችውም። አንድ እፍኝ በቆሎ ነፍሷን ያተርፍ እንደሆነ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ለመስማት ድፍረት የለኝም። በጠዋት ቀበሯት። አባቴ በዚያው ቀን ከሰዓት አቧራ ለብሶ፣ እግሩ ቆስሎ፣ የመቻራን ወረቀት በደረቱ ይዞ ደረሰ። ለለቅሶ በተነጠፈው ሰሌን ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አይቶ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አባ ኢብሮ ከሰዎቹ መሐል ነበሩ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ። «አባ፣ ዘሃራ በቆሎ ጠይቃኝ ነበር። ከልክያታለሁ» አልኳቸው። ለምን እንደተናገርሁ አላውቅም። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አልነበረውም።

«ጣሳው አልተነካም?» አሉኝ።

«አልተነካም።»

«ቁራው ጫጩቶች ነበሩት» አሉ ቀስ ብለው። «የበላው ለእነሱ ነው። አባቴ ሲነግረኝ እንዲህ ነበር። ይህችን ነገር ከተረቱ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ልጆች እንዲፈሩ ብዬ።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ አንዳንዶቹ ማጉረምረም ጀምረው ነበርና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህችን ልጅ ማንም እንዳይወቅስ! የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው። አማና የጠበቀች ልጅ ናት፤ አላህ ያሳድጋት» አሉ። ሴቶቹም እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ።

መጋቢት ላይ ሽመላዎቹ ሄዱ። አባቴ ዘሩን ሳይቆጥር ሊመልስ ፈልጎ ነበር፤ አባ ኢብሮ ግን እምቢ አሉ። «ቃል ቃል ነው፣ መምህር። እኔ የእኔን አደረስኩ፣ አንተም ያንተን ፈጽም።» አባቴ ጠረጴዛው ላይ ፍሬ በፍሬ እየለየ ቆጠረ፤ መነጽሩን ደጋግሞ ያወልቃል፤ ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል። ወረቀቱ ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ፈቃደኛ ሁን ቢባል አልሆነም። በልግ በመጨረሻ ዘነበ። አባ ኢብሮ ዘሩን ዘሩት፤ በቀለም፤ አፈራም። ለእኛም ቤት እሸት ልከውልናል። ተረት ግን፣ ከከተማው ተዛውረን እስክንሄድ ድረስ፣ አንድ ቀንም አልነገሩኝም፤ እኔም ንገሩኝ አላልኳቸውም።

ዛሬ እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። መሥሪያ ቤት ንብረት ሲያስረክቡኝ፣ ዕድር ገንዘብ ያዥ ሲያደርገኝ፣ ሰው ሁሉ «እሷ አደራ አትበላም» ይላል፤ እውነትም በልቼ አላውቅም። ይህን ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ስለ ዘሃራ ግን ለልጆቼ ልነግራቸው ስንት ጊዜ ጀምሬ አቁሜያለሁ። የሚያቆመኝ ሞቷ አይደለም፤ ያን ዓመት ልጅ ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። የሚያቆመኝ እነዚያ የተዘረጉ እጆችና ያ «አሚን» ናቸው። ያን ዕለት ከሰሌኑ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ቢመታኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ማንም አልመታኝም። መረቁኝ።