ኪ፣ ከ እና የነጅማ ዝምታ

ቡታጅራ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ታች ቆርቆሮ ሲራገፍ ላይ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። ያን ቀን «ቦንዡር» ስል ግማሾቹ ቦንዡር አሉ፣ ግማሾቹ አሰላሙ አለይኩም አሉኝ፤ ለየትኛው እንደምመልስ ጠፍቶኝ ማርከሬን ይዤ ቆምኩ።

ከደብረ ማርቆስ ስመጣ፣ እዚህ ፈረንሳይኛ ለማን ይጠቅማል ብዬ ነበር። የማሰልጠኛው ባለቤት አቶ ዘርፉ ሲያስረዱኝ ገባኝ። ሾፌሩም፣ ነርሱም፣ የሆቴል ሠራተኛውም ጅቡቲ ሥራ ይፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ፈረንሳይኛ ይጠየቃል።

ባልደረቦቼ እንደምታውቁት ተማሪውን የሚያምሱት የፈረንሳይኛዎቹ አያያዥ ቃላት ኪ እና ከ ናቸው። እኛ «የመጣው ሰው» እንላለን፣ «ያየሁት ሰው» እንላለን፤ አንዲት «የ» ሁለቱንም ትችላለች። ፈረንሳዮች ግን የመጣውን በኪ፣ የታየውን በከ ይለያሉ። «ስሙ እንዲህ የሆነው ሰው» ለማለት የሚያገለግለው ዶን ላይ ስንደርስማ እኔም ማብራሪያ ያጥረኛል። ዛሬም ያጥረኛል።

ዘዴዬ አንድ ነበር። ተማሪው ስለ ቤተሰቡ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያመጣል፣ ከዚያ ያጋጥማቸዋል። «ከማል ወንድሜ ነው። ከማል ቆሼ ከተማ ይኖራል።» ሲጋጠም «ቆሼ ከተማ የሚኖረው ከማል ወንድሜ ነው» ይሆናል።

ነጅማ ነርስ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ ኑሮውም እዚያው ጅቡቲ ነው። እዚያ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ፣ በፈረንሳይኛ የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ካለፈች ሊቀጥራት ፈቅዷል። ካለፈች ልጆቿ ከአባታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ከወደቀች አባትና ልጅ በስልክ መተያየታቸው ይቀጥላል።

ይቺ ሴት ቃለ ጽሕፈት ስትጽፍ የሚስተካከላት አልነበረም። ስለ ባሏ አባት ዓረፍተ ነገር አምጪ ስላት ግን የስሙን ቦታ ባዶ ትተወዋለች። በቀይ አሰምርባታለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ባዶ ነው። «ማን ናቸው? ስም አስገቢ እንጂ» ስላት አንገቷን ትደፋለች። ያለ ስም ደግሞ ማጋጠሙ አይሆንላትም፣ ኪን ከከ ታደባልቃለች ብዬ ደመደምኩ።

ለአቶ ዘርፉ፣ ነጅማ ቃለ መጠይቁን ብታራዝመው ይሻላል አልኳቸው። እሳቸውም፣ ከሁሉም እሷ ትበልጣለች ስትለኝ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብያለሁ። ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው።

ቀኑ አልተራዘመም። በአቶ ዘርፉ ቢሮ ላፕቶፕ ተከፈተ፣ የክሊኒኩ ዋና ነርስ በሻሽ ተሸፋፍና ብቅ አለች። እኔ ካሜራው በማያሳየኝ ጥግ ተቀመጥኩ። ነጅማ ስለ መርፌውም ስለ ቁስል ማሸጉም ጥሩ መለሰች፣ ልቤ ረጋ አለ።

ዋና ነርሷ ቀጠለችና፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ልጆችሽን ማን ይይዛል አለቻት። የባሌ አባት አብረውን ይመጣሉ አለች ነጅማ። የመኖሪያ ፈቃዱን የምናስጨርሰው እኛ ነን፣ ስማቸው ማን ነው? አለች ዋና ነርሷ። ነጅማ ዝም አለች።

በሹክሹክታ፣ ስማቸውን ንገሪያት እንጂ አልኳት።

«ጋሼ፣ የባሌን አባት ስም አልጠራም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በእኛ ቤት ምራት አትጠራም፣ ነውር ነው። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ስሙን አላውቀውም። ስንት ወር ሙሉ ባዶ ቦታ ላይ ሳሰምር፣ ለምን ባዶ እንደምትተወው አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም።

ዋና ነርሷ መስመሩ ተቋረጠ ወይ አለች። ነጅማ ሻርፗን አስተካከለችና ቀስ እያለች በፈረንሳይኛ ተናገረች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«ባሌን ያሳደጉት፣ ልጆቼ አባባ የሚሏቸው፣ ስማቸው ዓሣ የዋጠው ነቢይ ስም የሆነው ሰው ናቸው።»

ያሳደጉት ላይ ኪ አለች። የሚሏቸው ላይ ከ። ስማቸው ላይ ዶን። ዓሣ የዋጠው ላይ እንደገና ከ። አንዱንም አልሳተችም። እኔ ገና በልቤ «ዮናስ? የሙስሊም ዮናስ አለ እንዴ?» እያልኩ ስዋዥቅ፣ ዋና ነርሷ «ዩኑስ» ብላ ጻፈች። ነጅማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዛሬ ነጅማም ልጆቿም አያትየውም ጅቡቲ ናቸው። ያን ሁሉ ማን እንዳስተማራት ብዙ ጊዜ ግራ ይገባኛል። የአማቷን ስም የማትጠራ ሴት በትዳር ዘመኗ ሁሉ «ያሳደጉት፣ የሚሏቸው» ስትል መኖሯን ያሰብኩት በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ ስሙን ጥሪ እያልኩ የዘጋሁባት በር እሱው ነበር።

አሁን ተማሪ ባዶ ቦታ ከተወ ከማስመሬ በፊት፣ የተወው ስላላወቀው ነው ወይስ ስለማይፈቀድለት ብዬ እጠይቃለሁ።