እናቴ የጠገነችው የጥድ ሣጥን

በቅርቡ ወልድያ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ አዲስ የተላገ ጥድ ሸተተኝና ቆምኩ፤ ላስታ ያለው ቤታችን፣ ጓዳው ውስጥ ይቀመጥ የነበረውም የእናቴ ሣጥን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሣጥኑን አያቴ እናቴን ሲድሯት በገዛ እጃቸው የሠሩላት ነበር። አንድም ምስማር አልነበረበትም፤ የሳንቃዎቹ ጫፎች እንደ ጥርስ ተፈልፍለው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ ተያይዘው ነበር። እናቴ የክት ልብሳችንን እዚያ ታስቀምጥ ነበርና፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከወንድሜ ጋር ሮጠን አፍንጫችንን እንደቅን ነበር። ልጅ ሳለች አናጢነቱን እንዲያስተምሯት አባቷን ለምናቸው፣ «መጥረቢያ የሴት ሙያ አይደለም» ብለው እንደመለሷት ትነግረን ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝናቡ የበረታበት ክረምት መጣና፣ ሁላችንም አረም ላይ ሳለን የጓዳው ግድግዳ ተደርምሶ ሣጥኑ ላይ ወደቀ። ድንጋዩን አንሥተን ስናየው አንዱ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ነበር። አባቴ «በምስማር ልምታው» ቢላትም እናቴ እሺ አላለችም፤ ስብርባሪውን ለቅማ በነጠላዋ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ አያቴ ወደሚኖሩበት ወደ ሙጃ ሄዶ በበቅሎ አመጣቸው። የአያቴን ዓይን ግን ሞራ ጋርዶት ነበርና፣ ስብራቱን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት።

«የሺ፣ እኔ አላይም» አሏት እናቴን። «መሮውን አንቺ ያዢው።»

«ሳልማር እንዴት አድርጌ፣ አባባ?»

«ያን ጊዜ ልማር ስትይኝ ከለከልኩሽ። አሁን ቁጭ በይ፣ አስተምርሻለሁ።»

እናቴ ዓይኗን ጠረገችና መሮውን ተቀበለቻቸው።

ጥቅምቱን ሁሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። አያቴ እጃቸውን እጇ ላይ ጭነው «ቀስ በይ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከተዪ» ይሏታል፤ እሷም ትፈለፍላለች፤ ጥርሱ ሲሰፋባት ሳንቃውን ጥላ በሌላ ትጀምራለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቅባት ስለነበር አባቴ መጀመሪያ አፍሮ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ነበር፤ እየቆየ ግን ራሱ ጥድ እየጠረበ ያቀርብላት ጀመር።

ገና ሲቃረብ፣ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን በደጃችን ሲያልፍ፣ አዲሱ ጎን ገጠመ። አያቴ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳበሱና፣

«የሺ፣ የኔ የቱ ነው? ያንቺስ?» አሏት።

እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

አያቴ በዓመቱ ሲያርፉ መሣሪያቸውን በሙሉ ለእሷ ተናዘዙላት። እሷም መጀመሪያ ለጎረቤት ሙሽራ፣ ከዚያም ለጽዋ ማኅበሯ፣ ኋላም ከፍላቂት ድረስ ለሚመጣ ሰው ሣጥን ትሠራ ጀመር።

የእኔ ቤት ቁም ሣጥን ከገበያ የተገዛ ነው፤ በሩ ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጥና አልዘጋ ይላል። እናቴ ዛሬም ትሠራለች፤ ሁለት የሰፈር ልጃገረዶችም አብረዋት ይልጋሉ። ሥራውን የጀመረች ሰሞን ሣጥን ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ «አናጢው አለ?» ብሎ አባቴን ይጠይቅ ነበር። አሁን የሚመጣው ሰው «አናጢዋ አሉ?» ይላል።